ሰው የሌለበት ንድፍ

ኪነ ሕንፃ ከፖለቲካ የራቀ ንጹሕ ጥበብ ነው የሚሉ አሉ። የለ ኮርቡዚዬ ሕይወት ይህን አባባል ይፈትነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1887 በስዊዘርላንድ የተወለደው ይህ የኪነ ሕንፃ ሊቅ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ በፖለቲካ መጽሔቶች አዘጋጅነት ተሳትፏል። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1936 አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ለወራሪው መንግሥት ደብዳቤ ጽፎ የከተማዋን ንድፍ ላከ። አልተቀበሉትም፤ ሥራው ለጉዊዲና ለቫሌ ተሰጠ። በ1941 እና በ1942 ደግሞ ከናዚ ጋር የተባበረውን የቪሺ መንግሥት ደጅ ጠና።

ነገሩ ደጅ መጥናት ብቻ ቢሆን ኖሮ የግል ድካም ነው ብለን ባለፍነው። ጥፋቱ ግን በእርሳሱም ውስጥ አለ። ንድፉ የኮረብታውን አቀማመጥ ሳያከብር ሰፊና ቀጥተኛ ጎዳና ይዘረጋል፤ ነባሩን ከተማ እንደሌለ ይቆጥራል። ገበያተኛው፣ ቄሱ፣ ውሃ ቀጂዋ በወረቀቱ ላይ የሉም። ሕዝብን ያልጠየቀ መስመር ምንም ቢያምር የወራሪ መስመር ነው። የእርሱ ንድፍ በወረቀት ቢቀርም፣ ወራሪው በሌሎች እጅ ያገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ መርካቶን ተከለ። መርካቶን የራሱ ያደረገው ግን ሕዝቡ ነው።

የእኛይቱ ሐዋሳ ከወረራው በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች፣ ጎዳናዋ ሰፊና ቀጥ ያለ ከተማ ናት። ውበቷን እያደነቅን እንኳ ከያኒውና መምህሩ ሊያነሡት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ መስመሩ ሲሰመር በዚህ ምድር ይኖር የነበረውን ማን ጠየቀው? ነገም አዲስ ንድፍ ሲዘረጋ ይህ ጥያቄ እርሳሱን ይቅደም።