አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ
አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ዕቃ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ነጋዴው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የብሎኑን ቀዳዳና የጥርሱን ቁጥር ያመሳክራል። ሳይመሳከር የተገዛ ዕቃ ጋራዥ ደርሶ ይመለሳል።

የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን የምወደውም እንዲህ ስለሚያመሳክር ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ መሣሪያ፣ ሁለት ሰዎች አንድን የኮድ መስመር ለየብቻ ሲቀይሩት በግምት አይመርጥም፤ ይቆምና ሁለቱንም ያሳያል። ሪቤዝ ሲደረግ ደግሞ ኮሚቶቹን፣ ማለትም የተመዘገቡትን ለውጦች፣ አንድ በአንድ በአዲሱ መሠረት ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ግጭቱ በየትኛው ለውጥ እንደመጣ ይታወቃል።

ኮዱን የሚገመግመው ሰው ግን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ሪቤዝ ከተደረገ፣ የቱን እንዳየ የቱን እንዳላየ ይምታታበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጊት 2.19 ጋር የመጣችው የሬንጅ ዲፍ ትእዛዝ አሮጌዎቹንና አዲሶቹን ኮሚቶች ጎን ለጎን ታመሳክርለታለች። ከሁሉም አብልጬ የምወዳት እሷን ነው።