የማይገሠጽ ቸርነት

ክፉ ሥራ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ደግ ሥራ ሲመጣ ግን በሩን ከፍቶ ይቀበላል። ስለዚህ ደግ ሥራን መመርመር የምቀኛ ጠባይ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ያልተመረመረ ደግነት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ተቀባዩን ሳይሆን ሰጪውን ነው። በዘመናችን ብዙ ወጣቶች ባሕር ተሻግረው፥ በድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ጥቂት ሳምንት ወይም ጥቂት ወር በነፃ አገልግለው ይመለሳሉ። ሥራው በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነው። ይህን የተመሰገነ ሥራ የነቀፈ አንድ ብርቱ ንግግር ስላለ፥ ወጣት አንባቢዎቼ እንዲያውቁት፥ አውቀውም እንዲፈርዱበት እወዳለሁ።

ተናጋሪው ኢቫን ኢሊች ይባላል። በ1926 በቪየና ከተማ ተወልዶ የካቶሊክ ቄስ ሆነ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1961 በሜክሲኮ፥ በኩዌርናቫካ ከተማ፥ ወደ ላቲን አሜሪካ የሚሄዱ ሰዎች ቋንቋና ባህል የሚማሩበት ማዕከል አቋቋመ። በ1968 ደግሞ በትምህርት ዕረፍታቸው ወራት ወደ ሜክሲኮ መንደሮች ሄደው ድኻውን ለመርዳት በሚያስቡ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ፊት ቆሞ፥ በጎ ሐሳብ ገሃነም ይግባ በሚል አርእስት የሚታወቀውን ንግግሩን አደረገ።

ኢሊች ተማሪዎቹን ክፉዎች ናችሁ አላላቸውም። የነገራቸው እንዲህ ያለውን ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋ ስለማታውቁ ሰዎቹ ስለ እናንተ የሚሉትን አትሰሙም፤ ረዳን ስትሉ የምታሳዩት የራሳችሁን አገር ኑሮ ነው፤ ድኻን ማገልገል ከፈለጋችሁ በአገራችሁ አገልግሉ፥ በዚያ ያለው ድኻ ቢያባርራችሁ እንኳ የሚላችሁን ትሰማላችሁና። ወደ ሜክሲኮ ለማየትና ለመማር ኑ፥ ለመርዳት ግን አትምጡ አላቸው።

በእኔ አስተያየት የንግግሩ ዋና ኃይል ያለው ስለ ቋንቋ በተናገረው ላይ ነው። ቋንቋ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመገሠጽም ያስፈልጋልና። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፥ ከስንፍና የጠበቀኝ ከተቈጣጣሪው ይልቅ የተማሪ እናት ነበረች። «ጋሼ፥ ልጄ ሦስት ወር ተመላልሶ ደብተሩ ባዶ ነው፤ ምን እያስተማሩት ነው?» ብላ የመጣች እናት፥ በማግሥቱ በደንብ ተዘጋጅቼ እንድገባ ታደርገኛለች። ይህችው እናት ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግዳ ግን ቡና ታፈላለታለች እንጂ እንዲህ አትለውም። ብትለውም አይሰማትም። እርሱም ሕዝቡ እጅግ ተደስቷል ብሎ ወደ አገሩ ይጽፋል። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ከባሕር ማዶ የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ። ብዙ የተማርነው አማርኛን በትዕግሥት ከተማሩት፥ ሲሳሳቱ ስንስቅባቸውም ከሚሰሙት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከኢሊች ጋር ነኝ። ነገር ግን ፈጽማችሁ አትምጡ ባለው አልስማማም። በአገራችን የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በ1962 ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆኑ። ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት እንዲባል፥ እነርሱ ሳይጠሩ አልመጡም፤ መንግሥት መምህራን ጠይቆ ነበር። ሁለት ዓመት ይቀመጡ፥ እንደ ማንኛውም መምህር ክፍል ይዘው ፈተና ያርሙ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች ተቃውሞ ባነሡባቸው ጊዜም ተቃውሞው በፊታቸውና በሚሰሙት ቋንቋ የተነገረ ነበር። እንግዲህ ችግሩ ከውጭ መምጣት አይደለም፤ ከተግሣጽ ውጭ ሆኖ መኖር ነው።

ንግግሩ ሌላም ጉድለት አለበት። ስለሚሄደው ሰው ብዙ ይናገራል፤ በዚያ ስለሚቈየው መምህር ግን እምብዛም አያነሣም። በዛምቢያ የሆነውን እንመልከት። በ1990ዎቹ ኤድስ ብዙ ልጆችን ወላጅ አልባ ባደረገበት፥ ብዙ ቤተሰብም የትምህርት ቤት ክፍያ ባቃተው ጊዜ፥ የሉሳካና የሌሎች ሥፍራዎች ነዋሪዎች በራሳቸው ጥረት ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ። ብዙዎቹ መምህራን የዚያው ሠፈር ሰዎች ሲሆኑ፥ ያለ ደመወዝ ወይም በጥቂት ገንዘብ ያስተምሩ ነበር። እንዲህ ላለ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው በጎ ፈቃደኛ ማነው? ለሁለት ሳምንት የመጣው እንግዳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በጎ ፈቃደኛ ይባላል፤ ዓመት ከዓመት ያለ ደመወዝ የምታስተምረው ሴት ግን በዚህ ስም አትጠራም። ከዚህም የከፋው፥ እንግዳው ጠመኔውን ከእጅዋ ሲወስድ ልጆቹ የእርስዋ ትምህርት ከእርሱ ያነሰ መስሎ ይታያቸዋል። እርሱ ከሄደ በኋላ በዚያው ክፍል የምትቆመው ግን እርስዋ ናት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለሩቅ ሰው አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጋችሁ ልጆቻችን በዕረፍታችሁ መጥታችሁ ለማስተማር ታስባላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ለመሄድ የምታስቡም አላችሁ፤ ቋንቋው ሌላ በሆነበት አውራጃ የአገር ልጅም እንግዳ መሆኑን አትርሱ። ሐሳባችሁ መልካም ነው፥ አትተዉት። ነገር ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለዚያ ትምህርት ቤት መምህር ጻፉና ምን እንደሚጐድላት ጠይቁ። የቲኬቱ ዋጋ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆንላትም አስሉ። ደመወዝ ወይም መጽሐፍ ይሻለኛል ካለች ገንዘቡን ላኩላት፥ እናንተም ቅሩ። ኑ ካለቻችሁ ደግሞ ቋንቋዋን አስቀድማችሁ ጀምሩ፥ በክፍልዋም የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስሕተታችሁን እንድትነግራችሁ ለምኗት፤ ስትነግራችሁም አትቀየሟት። የኢሊችን ንግግርም አንብቡት፤ ቍጣው ቢበዛም የሚጠቅም ቍጣ ነው።