«ጎበዝ፣ በርታ!» ከማለታችን በፊት

በእኛ በተማሪዎቹ ዘንድ አንድ ጀማሪ አዲስ ነገር ጽፎ ሲያመጣ የምንሰጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ዝምታ፣ ወይ «ጎበዝ፣ በርታ!» የምትለዋን ቃል። ዝምታው እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። «በርታ»ስ? እሷም ብትሆን ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ላለማንበብ የተገኘች ጨዋ ሰበብ ናት። ይህን የምንለው ሰው ለመንካት አይደለም፤ እኛም አድርገነዋል። ለመሆኑ ለጀማሪ ምሁር የሚገባው ዕውቅና ምን ዓይነት ነው? ነገሩን በአንድ ታሪክ እንመርምረው። ታሪኩ ስለ እንስሳት መብት ነው። ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ፣ ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

እ.ኤ.አ. በ1971 «እንስሳት፣ ሰዎችና ግብረ ገብ» የሚል የመጣጥፎች መድበል እንግሊዝ አገር ታተመ። አዘጋጆቹ ስታንሊ ጎድሎቪች፣ ሮዝሊንድ ጎድሎቪችና ጆን ሃሪስ፣ በኦክስፎርድ ፍልስፍና የሚያጠኑ ወጣቶች ነበሩ። በመድበሉ ከጻፉት አንዱ የሥነ ልቡና ባለሙያው ሪቻርድ ራይደር ነው። በ1970 ባሠራጨው በራሪ ወረቀት «ስፒሺዝም» የምትለዋን ቃል የፈጠረው እሱ ነበር። በዘር ማበላለጥ ዘረኝነት ከተባለ፣ በፍጥረት ዓይነት ብቻ ማበላለጥም የራሱ ስም ይኑረው ማለቱ ነው። መጽሐፉ ወጣ፤ ታላላቆቹ ጋዜጦች ግን ከቁብ አልቆጠሩትም።

ዝምታውን የሰበረው ፒተር ሲንገር ነው። ያኔ ኦክስፎርድ ውስጥ ገና ጀማሪ መምህር የነበረ የ26 ዓመት አውስትራሊያዊ። ማንም ሳይጠይቀው ለ«ኒው ዮርክ ሪቪው ኦፍ ቡክስ» አዘጋጆች ጻፈና ሂሱ በኤፕሪል 1973 ወጣ። ታዲያ በሂሱ ምን አደረገ? አላጨበጨበም። በየመጣጥፉ ተበታትኖ የነበረውን ክርክር ሰብስቦ በአንድ መስመር አሰለፈው። ሕመም የሚሰማው ፍጡር ሁሉ ጥቅሙ ከእኛ ተመሳሳይ ጥቅም እኩል ሊመዘን ይገባል አለ። ከዚያም ይህንኑ ሚዛን ይዞ ወደ ምርምር ቤቶችና ዶሮና ከብት እንደ ፋብሪካ ዕቃ ወደሚመረትባቸው እርሻዎች ገባ። በ1975 «የእንስሳት ነፃነት» የተባለው መጽሐፉ የተወለደው ከዚህች ሂስ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዛሬ ሲንገርን የማያውቅ የፍልስፍና ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ጎድሎቪች የሚለውን ስም የሰማስ ስንቱ ነው? ኩራዙን የያዘው ሰው ጎልቶ ታየ፣ ያበራላቸው ጓደኞቹ ግን ወደ ጥላው ገቡ። ሲንገርን አንወቅሰውም፤ በመጽሐፉ አመስግኗቸዋል። ጥፋቱ ምስጋናን ዘለን የምናነብ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው።

ይኸው ልማድ በሌላም ቦታ ይታያል። ሲንገር የጠየቀው በዋናነት ስለ ሥቃይ ነው። ሥቃዩ ቀነሰ እንበል፤ ከዚያ በኋላ እንስሳቱ ከእኛ ጋር በአንድ አገር እንዴት ይኑሩ? ይህን የፖለቲካ ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣው በ2011 የታተመው «ዙፖሊስ» ነው። መጽሐፉ የቤት እንስሳትን ዜጎች ያደርጋቸዋል፤ አራዊትን በራሳቸው ምድር ሉዓላዊ ማኅበረሰቦች ይላቸዋል፤ እንደ እርግብና እንደ አይጥ ሳይለምዱ በመካከላችን የሚኖሩትን ደግሞ ሙሉ ዜግነት የሌላቸው፣ የመኖር መብት ያላቸው ነዋሪዎች አድርጎ ይመድባል። ዊል ኪምሊካን በአናሳ ባህሎች መብት ጽሑፎቹ ስለምናውቀው መጽሐፉን «የኪምሊካ» እያልን እንጠራዋለን። ሽፋኑ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ግን የሱ ዶናልድሰን ስም ነው!

ተናግረን ዝም እንዳንል እኛም እንሞክረው፤ መጽሐፉን በመሞገት እናክብረው። የሐረር ጅብ የት ይመደባል? ሲመሽ ወደ ከተማው ይመጣል፣ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል፣ ሲነጋ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ሉዓላዊ ነው እንዳንል ይቀለባል፤ ነዋሪ ነው እንዳንል ማደሪያው ውጭ ነው። በአሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል። ደራስያኑ መብትን በሕግና በመንግሥት በኩል ያስባሉ፤ ሐረር ላይ ግን ሰውና አውሬን ያስማማው የቆየ ልማድ ነው። ይህ መጽሐፉን አያፈርሰውም። ከሦስቱ ምድቦች መካከል በር እንደሚያስፈልግ ግን ያሳያል።

የ«ዙፖሊስ» ትልቁ ቁም ነገር፣ እንደገባን ከሆነ፣ ለእንስሳ ማዘን ብቻ አይበቃም፣ አብሮን የሚኖር አድርገን እንቁጠረው የሚል ነው። ለጀማሪ ጸሐፊም ነገሩ ይኸው ነው። «በርታ» ማለት ማዘን ነው። ጽሑፉን አንብቦ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል፣ እዚህ ላይ ግን አሸንፈኸኛል» ማለት ከሰው መቁጠር ነው። ከመካከላችሁ ጽሑፉን ሰጥቶን መልስ ያጣ ካለ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ያምጣው፣ አሁን እናነበዋለን፤ ስሙንም አስተካክለን እንጽፈዋለን።