እናትየዋስ እንዴት ነች?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የሳሊናስ ሸለቆ ሰላጣና እንጆሪ በብዛት የሚመረትበት አካባቢ ነው። ለቃሚዎቹ በአብዛኛው ከሜክሲኮ የመጡ ስደተኞች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. በብሬንዳ እስኬናዚ የሚመሩ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እዚያ 601 ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው «ቻማኮስ» የተባለውን ጥናት ጀመሩ። ብዙዎቹ ሴቶች እርሻ ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ወይም የቤታቸው ሰው ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው፦ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይሰባበርና ቅሪቱ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ሽንት በመመርመር እናትየዋ ምን ያህል እንደተጋለጠች መገመት ይቻላል። በ2011 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ቅሪቱ በብዛት የተገኘባቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች፣ በ7 ዓመታቸው የአይኪው ውጤታቸው ዝቅተኛ ቅሪት ከነበራቸው እናቶች ልጆች በአማካይ በ7 ነጥብ ያንሳል።

ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክድም። ግን እስቲ ስሙን ልብ በሉት፦ «ቻማኮስ» በሜክሲኮ ስፓኒሽ «ልጆች» ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የእናቶቹንም ጤና አጥንተዋል፤ ሆኖም ከጥናቱ በሰፊው የተወራው የልጆቹ አይኪው ነው። እናትየዋ ልጁ የሚለካባት ዕቃ ሆና ቀረች።

ከዚህ የሚከተለው ምክርም ያው ነው፦ እጅሽን ታጠቢ፣ ጫማሽን ውጭ አውልቂ፣ የሥራ ልብስ ለብቻው እጠቢ። ምክሩ ልክ ነው፤ ኬሚካሉ በልብስና በጫማ ቤት ይገባልና። ግን ከእርሻ ደክማ ለተመለሰች ሴት ሌላ ሥራ መጨመር እኮ ነው። ክፍያው በለቀመችው ሣጥን ልክ ከሆነ፣ ውኃ ለመጠጣትም ሆነ ሽንት ቤት ለመሄድ መቆም ገንዘብ ያሳጣታል። ስለዚህ ትጠማለች፣ ሽንቷን ትይዛለች፤ ይህ ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። በሽታው በእርግዝና ጊዜ ሲይዝ ያለጊዜው መውለድን ሊያስከትል ይችላል። ይሄንን ሳሙና አይፈታውም። የሚፈታው የክፍያው ሥርዓት፣ የዕረፍት ሰዓትና ሕጉ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ከ1938 ጀምሮ የእርሻ ሠራተኞችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ መብት ውጭ አድርጓቸዋል።

እኛም ዘንድ በዝዋይ የአበባ እርሻዎች አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ስለ እነሱ ጥናት ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የተለካው የማን ጤና ነው? መፍትሔውስ የተጫነው በማን ትከሻ ላይ ነው?