ብልቃጥ ውስጥ የተቀየረ ቀለም ነርቭ ያድናል?

ባሕር ዳር ገበያ ጤና አዳምም ጥቁር አዝሙድም አይጠፋም። “አንቲኦክሲዳንት ስላላቸው ነርቭ ይጠብቃሉ” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እስቲ ማስረጃውን እንየው።

ብዙውን ጊዜ መነሻው የቤተ ሙከራ ፈተና ነው። የተክሉ ጭማቂ ዲፒፒኤች የተባለውን ሐምራዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከቀየረ “አንቲኦክሲዳንት ነው” ይባላል። ግን ብልቃጥ አንጀትም ጉበትም የለው!

የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው ከጓያ ነው። ጣና ዳር፣ ፎገራና ደምቢያ የሚዘራው ጓያ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው። በችግር ጊዜ ለወራት አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ በሽታው ደግሞ አይድንም። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቆሎ፣ ንፍሮና እሸቱ አደጋውን ሲጨምሩ፣ እንጀራ፣ ቂጣና ወጥ አልጨመሩም። አንቲኦክሲዳንት ያላቸው ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበሉት ደግሞ አደጋቸው በ4 እጥፍ ያነሰ ነበር።

ታዲያ ያዳናቸው ቅመሙ ነው? እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጥናቱ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጸረ እንጂ ቅመም ሰጥቶ አልሞከረም። በድርቅ ዓመት ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚገዛ ቤት ሌላ እህልም ሳያገኝ አይቀርም፤ ጓያን ከእህል መቀላቀል ራሱ እንደሚከላከል ያሳየው ይኸው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የወጣው፣ 800 የፓርኪንሰን ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራም ቫይታሚን ኢ በሽታውን እንዳላዘገየ አሳይቷል።

ስለዚህ “የነርቭ መድኃኒት” ሲሸጥላችሁ “በሰው ተሞክሯል ወይ?” በሉ። ጓያ ለሚበላ ቤት ግን ምክሩ ግልጽ ነው፤ ብቻውን አትብሉት፣ እህል ቀላቅሉበት።