ፎቶግራፉ ፒያሳ፣ ወጡ የማን?

መጽሐፍ ሲታተም እንተቻለን፤ ቴአትር ሲታይ እንተቻለን፤ አዲስ ዘፈንም ቢሆን ዝም ብለን አናሳልፈውም። ማዕድ ሲሆን ግን አንደበታችን ይታሰራል። የቀረበልህን አትንቀፍ ተብለን አድገናልና። ለእንግድነት ደግ ልማድ ነው። በቤቷ ያላትን ያቀረበችን ሴት “ወጥሽ ጨው አነሰው” የሚል ሰው አሳዳጊውን ያሰድባል። የሚሸጥ ምግብ ግን ሌላ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በፊት ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ በልቶ ገንዘብ መክፈል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ለምደነዋል። እንግዲህ የተከፈለበት ወጥ እንደ ማንኛውም ለገበያ የቀረበ ሥራ ይመዘን፤ በተለይም የአንድ ሰፈር ስም ከተለጠፈበት።

ይህን እንድል ያደረገኝ ከባለቤቴ ጋር ዋሽንግተን ዲሲ በሄድንበት ወቅት የበላነው እራት ነው። የምግብ ቤቱን ስም አላነሳም፤ ነገሬ ከሥራው እንጂ ከባለቤቱ አይደለም። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በአሮጌ ፎቶግራፎች ተሸፍኗል፦ አራዳ ጊዮርጊስ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ሰይቼንቶ ታክሲ። ከምግብ ዝርዝሩ አናት ላይ “የውቤ በረሃ ዶሮ ወጥ” የሚል ተጽፏል። ዋጋው ለአንድ ሰው 28 ዶላር ነው። ዶሮ ማነቂያን ጎረቤቱ ያደረገ ሰፈር በዶሮ ወጥ ይታማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለሁለታችንም አዘዝን።

መልኩ አያሳማም፤ ቀይ ነው። ሲቀመስ ግን በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሽንኩርቱ ገና ራሱን አልረሳም፤ ቅቤው ከወጡ ጋር ሳይተዋወቅ ከላይ ተንሳፏል። ባለቤቴ ፒያሳ ያደገች ናት። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ እጇን ሰበሰበችና “ይኼ እኮ ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው” አለችኝ። አስተናጋጁ ሳህኑ እንደሞላ መቅረቱን አይቶ “ምነው ጋሼ፣ አልተስማማችሁም እንዴ? ፈረንጆቹ በጣም ይወዱታል” አለ። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

የዶሮ ወጥ ምስጢሩ ሰዓት ነው። ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ እየተማሰለ ውሃውን ይጨርሳል። ከዚያ በርበሬው ገብቶ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ጥሬነቱ እስኪጠፋ ይቁላላል። ቅቤውም ተራው አለው፤ መከለሻውም በመጨረሻ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሰዓታት ሥራ ነው። አሜሪካን አገር የሚሸጠው ዶሮ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት የሚደርስ ጮርቃ ነውና እንደ ሐበሻ ዶሮ ብዙ እሳት አይፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ቶሎ ስለሚበስል ወጡም የበሰለ ይመስላል። ቁሌቱ ግን የዶሮውን ዕድሜ አይጠይቅም፤ የራሱን ሰዓት ነው የሚፈልገው።

ስደት ነው፣ ምን ያድርጉ የሚል ይኖራል። አልቀበለውም። ጤፍ እንኳ አይዳሆ በተባለው ክፍለ ሀገር ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል፤ ሽንኩርት በየሱቁ ሞልቷል። እዚያው ቤት የቀረበልን ጎመን ግሩም ነበር፤ ቡናውም እንከን አልነበረውም። ሙያ ያለው ሰው ጓዳው ውስጥ አለ ማለት ነው። የጎደለው ለዚያ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ነው። ለፎቶግራፎቹ ፍሬም የወጣው ገንዘብ ለአንዲት ተጨማሪ ባለሙያ ደመወዝ ቢውል ምን ነበረበት?

ነገሩን ቀላል የማያደርገው የሰፈሩ ዕጣ ነው። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን የከተማይቱ ሌሊት ነበር፤ የደርግ ሰዓት እላፊ ጭር አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ከእንግዲህ ውጭ አገር የተወለደ ልጅ “ያ ሰፈር ምን ይመስል ነበር?” ቢል፣ አባቱ እጁን ይዞ የሚወስደው ወደ እንዲህ ያለው ቤት ነው።

ታዲያ እዚያ ምን ያገኛል? ሕንፃና ታክሲ። ከፎቶግራፎቹ መካከል አንዲት ኮማሪት አላየሁም። ውቤ በረሃን ውቤ በረሃ ያሰኙት ግን ከየገጠሩ መጥተው ቤት የከፈቱ፣ የቀዱ፣ የሠሩ፣ ሲነጋ ብቻቸውን የቀሩ ሴቶች ናቸው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር “ሌቱም አይነጋልኝ” ሰፈሩን በእነሱ ሕይወት በኩል ያሳየናል። ምግብ ቤቱ ሴቶቹን ከግድግዳው አስቀርቷቸዋል፤ ልፋታቸውን ደግሞ ከድስቱ። ናፍቆት እንዲህ ሲሆን ለሻጩ ይረክሳል፤ እሳት ዳር የሚቆም ሰው አያስፈልገውምና።

ፍርዴ አጭር ነው። ወጡ “ዶሮ ወጥ” ብቻ ተብሎ ቢሸጥ መካከለኛ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የውቤ በረሃን ስም ከያዘ ግን፣ ወይ ሽንኩርቱ ሰዓቱን ያግኝ፣ ወይ ስሙ ይነሳለት።