ዋጋው ያልተከፈለ ዘፈን

የሌላውን ሰው በግ ከበረቱ ያወጣ ሰው ሌባ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። የሌላውን ሰው ዘፈን ሳይከፍል ከኢንተርኔት ያወረደ ሰውስ ምን ተብሎ ይጠራ? ብንል ግን መልሱ እንደ ፊተኛው የተቃና ሆኖ አናገኘውም። አንዳንዱ «እርሱም ሌባ ነው፥ ይታሰር» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ወሰደ? ዘፈኑ እንደ ሆነ በባለቤቱ ዘንድ እንዳለ ነው» ብሎ ይስቃል። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ከሁለቱ ወገኖች የትኛው እውነት እንደ ያዘ ከሥሩ ጀምረን ብንመረምር ሁለቱም በየፊናቸው የሚነቀፉበት ነገር እንዳላቸው እንረዳለን።

የሚስቀው ሰው ግማሽ እውነት አለው። በግ ሲወሰድ ባለበጉ ባዶ በረት ይቀረዋል፤ ዘፈን ሲገለበጥ ግን ከባለቤቱ እጅ የሚጐድል ዕቃ የለም። እንግዲህ «ሌብነት» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ ልክ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ሥራ ሌብነት ካልሆነ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ቀን ሠራተኛ ቀጥሮ እርሻውን ሲያስቈፍር ውሎ ማታ «ዶማህ በእጅህ ነው፥ ጉልበትህም ነገ ይመለሳል፤ ምን ወሰድሁብህ?» ብሎ ባዶ እጁን ቢሰደው ምን እንለዋለን? የወሰደው ዕቃ የለም፤ ሆኖም ደመወዝ ከልክሏል። ሳይከፍሉ ዘፈን የመውሰድ ትክክለኛ ስሙም ይኸው ነው፤ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ወይም ከጠጅ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ዋጋ አይዋዋልም፤ በበር ቆሞም ትኬት አይቈርጥም። መጀመሪያ ይዘፍናል፥ ከዚያ በኋላ ይሸለማል። ዘፈን አንድ ጊዜ ከጆሮ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚወሰድ ዕቃ ስላልሆነ፥ አድማጩ ባይከፍል አዝማሪው የሚይዘው መያዣ የለውም። ሰው ግን ይከፍላል፤ ብሩን አውጥቶ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስለ ምን? ቢሉ፥ አንደኛ ልቡ ስለ ተደሰተ፤ ሁለተኛ ዘፋኙ ፊት ለፊቱ ስለ ቆመ ይሉኝታ ስለሚይዘው ነው። ሦስተኛም አዝማሪው የራሱ ችሎት አለው። ሰጪውን በስሙ ጠርቶ ያወድሰዋል፤ «ተቀበል» እያለ ግጥም ሲያዝ አምሽቶ ኪሱን የረሳውን ሰው ደግሞ በሰምና ወርቅ ሸንቈጥ ያደርገዋል። ያን ማታ የተሳቀበት ሰው በሌላ ቀን ሳይሸልም ለመውጣት አይደፍርም። የአዝማሪው እንጀራ የተጠበቀው ከሕግ ይልቅ በይሉኝታ ነው።

ድምፅ ከሰው ተለይቶ በዕቃ ላይ መኖር ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፥ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አምሐ እሸቴ በአዲስ አበባ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም፥ ዘፈኑ ከሸክላው ጋራ የተጣበቀ ነበር። ዘፈኑን የፈለገ ሰው ሸክላውን መግዛት ነበረበት፤ ሸክላ በየቤቱ አይታተምምና። በኋላ ካሴት መጣ፤ ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ያለው ሁሉ አታሚ ሆነ። ሆኖም ካሴት በተገለበጠ ቍጥር ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ ባዶውም ካሴት በገንዘብ ይገዛል። ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር የሚገለበጠው ዘፈን ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ከፊተኛው አያንስም፤ ድካሙም የአንድ ጣት ድካም ነው። ከሁሉ ይልቅ ዘፋኙ በዚያ የለም። ማን እንደ ሸለመ፥ ማን እንደ ሸሸ አያይም፤ ቅጂውም ንፉጉን በሰምና ወርቅ አይነካውም። ስለዚህ ይሉኝታ ተሰናብቷል፤ ይሉኝታ የጠበቀው ደመወዝም አብሮት ሄዷል።

ይሉኝታ ሲሄድ ምክንያት በቦታው ይቀመጣል። ከሚሰጡትም ምክንያቶች ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው «እኔ ድኻ ነኝ፥ ዘፋኙ ሀብታም ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አንድ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን ግጥሙን የጻፈ፥ ዜማውን የደረሰ፥ ሙዚቃውን ያቀናበረ፥ መሣሪያውን የተጫወተ፥ ድምፁን የቀረጸ ሰው አለ። ዘፋኙ ቅጂው ባይሸጥለት በመድረክ ላይ ቆሞ፥ ወደ ውጭ አገርም ተጕዞ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። ግጥም ጸሐፊውን ግን ማንም ለመድረክ አይጠራውም፤ ተስፋው ከሽያጩ ነው። ድኻ ነኝ ባዩ አድማጭ ሀብታሙን የጐዳ መስሎት ስሙን የማያውቀውን ሌላ ድኻ ይጐዳል።

ሁለተኛው «ገንዘቡ የሚደርሰው ለነጋዴ እንጂ ለባለሙያው አይደለም» የሚለው ነው። ይህ ነቀፌታ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ግጥሙንና ዜማውን በአንድ ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ሸጦ፥ ሥራው ለብዙ ዓመት ሲዘፈን ባዶ እጁን የሚያዳምጥ ደራሲ አለ፤ በዚህም ነጋዴው ሊወቀስ ይገባዋል። ነገር ግን ነጋዴ በደለ ተብሎ የተበደለው እንደገና አይበደልም። ሽያጭ በቀነሰ ቍጥር ነጋዴው ለደራሲው የሚሰጠውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደግሞም ነጋዴ ሁሉ አንድ አይደለም። አምሐ እሸቴ ሥራውን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እርሱ ግን ክልከላውን ደፍሮ በገንዘቡ ቈርጦ ገባ፤ በጥቂት ዓመታትም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። የዓለማየሁ እሸቴና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ዛሬ በዓለም የሚሰሙት እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ ስለ ሰጠም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «ልግዛ ብልስ የት አገኘዋለሁ?» የሚለው ነው፤ ከሦስቱም የሚከብደው ይህ ነው። ከገበያ የጠፉ፥ አሳታሚያቸው የተዘጋ ብዙ የቀድሞ ዘፈኖች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የተረፉት አንድ አፍቃሪ በቤቱ ገልብጦ ስላስቀመጣቸው ነው። የሚሸጥለት አጥቶ ለራሱ የገለበጠን ሰው ከአጭበርባሪ ጋራ መቍጠር ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ነገር ግን ባለመብቱ በተገኘ ጊዜ፥ ዘፈኑም ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ምክንያቱ ያልቃል፥ ዕዳው ግን ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደራሲ በሥራው ላይ መብት የሚያገኘው ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ እንደ ሆነ ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ከደራሲው ጋራ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁም መብት ሰጠ፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ አደረገ። ይኸው አዋጅ አስተዋይነት አለው፤ አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግሉ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በአንቀጽ 9 ይናገራል። ቅጂው የባለመብቱን ተገቢ ጥቅም ያለ አግባብ የሚጐዳ ሲሆን ግን ፈቃዱ አይሠራም። ስለዚህ «ለራሴ ብቻ ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ለብዙዎች ማሠራጨትማ ከፈቃዱ ውጭ መሆኑ ግልጽ ነው።

አሁን ደግሞ «ይታሰር» ወደሚለው ወገን እንመለስ። አዋጁ በወጣበት ጊዜ መብቱን አስቦ ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት ደንግጎ ነበር። በየመንገዱ ዳር በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ዘፈን እየጫነ የሚሸጠው ልጅና እርሱን የሚያሠራው ባለሱቅ፥ በስልኩ አንድ ዘፈን የተቀበለውም ተማሪ በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ፥ ዳኛውም ሕዝቡም ቅጣቱን ለመፈጸም እጃቸው ይዝላል። የማይፈጸም ከባድ ቅጣት ደግሞ ከሚፈጸም ቀላል ቅጣት ያነሰ ያስፈራል።

ቅጣት ብቻውን ምን እንደሚያፈራ በአሜሪካ የሆነው ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ናፕስተር የተባለው ዘፈን መለዋወጫ ተጀመረ፤ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከስሰው በ2001 አዘጉት። ልማዱ ግን አልተዘጋምና ከ2003 ጀምረው ተራውን ሰው ሳይቀር ይከስሱ ጀመር። በ2007 በሚነሶታ አንዲት ሴት ስለ 24 ዘፈኖች 222,000 ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት፤ ይህም ለአንዱ ዘፈን 9,250 ዶላር ማለት ነው። ክሱ እንደገና በታየ ጊዜ በ2009 ገንዘቡ ወደ 1,920,000 ዶላር ከፍ አለ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም በ2012 ወደ ፊተኛው ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሰማ ሰው ለተከሳሿ ያዝናል እንጂ ደመወዙ የቀረበትን ሙዚቀኛ አያስታውስም። ቅጣቱ በደሉን አስረሳው። በዚያው በ2003 ግን አፕል የተባለው ኩባንያ ዘፈንን በ99 ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ በኢንተርኔት ከፈተ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ዘፈኖች ተሸጡ። ከገዢዎቹ መካከል በፊት በነጻ ይወስዱ የነበሩ እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም። ለእንዲህ ያለው ሰው የጐደለው ቀና በር ነበር።

በአገራችንም እንዲህ ያለ በር ለመክፈት ተሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለ በስልክ ዘፈን የሚሸጥ መተግበሪያ ተጀመረ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበር፤ እርሱም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዚህ ዓለም ተለየ። ባለሙያዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ በር ሲከፍቱ፥ በበሩ መግባት ወይም እንደ ልማዳችን በአጥር መዝለል የአድማጩ ምርጫ ይሆናል። በር ባልነበረበት ጊዜ አጥር የዘለለው ሰው የሚናገረው ነገር ነበረው፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ የሚዘልለው ግን ምን ይናገራል?

እንግዲህ ለፍርድ የሚመች ሚዛን ይህ ይመስለናል። የሌላውን ዘፈን እየገለበጠ የሚሸጥ ሰው በሌላው ላብ ይነግዳልና ሕግ በርሱ ላይ ይበርታ። መግዛት እየቻለ፥ ዘፈኑም እየተሸጠ በነጻ የሚወስደውን እሥር ሳይሆን ወቀሳ ያቅናው፤ አባቶቻችን ሳይሸልም የሚወጣውን ሰው እንደ ወቀሱት፥ እኛም «ይህን ዘፈን ገዛኸው?» ብሎ ወዳጅን መጠየቅ ነውር አይሁንብን። የሚሸጥለት ያጣው ደግሞ ያገኘውን በክብር ይያዝ፤ ባለቤቱ ሲገኝ ይክፈል። አሳታሚውም ለደራሲው የሚገባውን ድርሻ ያካፍል፤ እርሱ የደራሲውን ደመወዝ እየከለከለ አድማጩን ቢወቅስ ማን ይሰማዋል?

«የኔ ጥቂት ብር ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ያስታውስ። ከአንድ ሰው የቀረችው ጥቂት ብር ከሺህ ሰው ስትቀር አንድ ግጥም ጸሐፊ ብዕሩን አስቀምጦ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ በሚመጣው ዓመት እንሰማው የነበረው ዘፈንም ሳይጻፍ ይቀራል። ያን ዘፈን ማንም በነጻ ሊያወርደው አይችልም።